ያልታጨደ ደንገል

ጥንዚዛዋ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ናት፤ ትክክለኛ ስሟ ረጅም ስለሆነ ከዳርቻ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ውጪ የሚጠራት የለም። ከምዕራብ ትነሣለች፣ የሐይቁን ጠርዝ ተከትላ ዝቅ ብላ ትበራለች፣ ከላይ ያየችውን መዝግባ ወደ ምሥራቅ ታልፋለች። የሠፈራችን ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሷ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን «ጥንዚዛዋ ሳታልፍ ቁርሳችሁን ጨርሱ» ይላሉ።

በእኛ በኩል ያለው የጣና ዳርቻ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ሕይወት ያለው ደንገል የቆመው አርባ እርምጃ ላይ ብቻ ነው። ያ አርባ እርምጃ የኔ ነው። የቀረው የፋብሪካ ደንገል ነው፤ ቁመቱ አንድ፣ አረንጓዴው ክረምት ከበጋ የማይለወጥ። ውሃ ያጣራል፣ ማዕበል ይሰብራል፣ እምቦጭ አያስጠጋም። በየአምስት ዓመቱ ኩባንያው ነቅሎ፣ አጥቦ፣ መልሶ ይተክለዋል። ክፉ አልናገረውም። እምቦጭ ሐይቁን ሊውጠው የደረሰበትን ዘመን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ዳርቻውን ያተረፈው ይኸው የፋብሪካ ሥራ ነው። ወፎችም ያርፉበታል። ጎጆ ግን አይሠሩበትም።

እንቁራሪቶቹ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ናቸው። ማታ ልክ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይጀምሩና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ ጊዜ ያቆማሉ። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ከሱቅ በጥቅል እንከራያለን። ሽታው በሦስት ዓይነት ይመጣል፤ «የማለዳ ጤዛ» የሚሉት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። በማግሥቱ አራግፈን እንመልሳለን። ወጥ የፈሰሰበትን አይቀበሉም።

እኔ ረድኤት እባላለሁ፤ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የረግረግ ዕፅዋት አጥንቼ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። አርባውን እርምጃ የተከለው ባለቤቴ ኪሩቤል ነው። ከአንድ ደሴት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ባመጣቸው ሰባት ሥሮች ጀመረ። ሁለቱ ሞቱ፣ አምስቱ ያዙ። ጎረቤቱ ሁሉ የፋብሪካውን ሲያስተክል እሱ በየዓመቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያሰፋ አርባ እርምጃ አደረሰው። ለተማሪዎቼ ደንገልን ማሳየት ስፈልግ ሥዕል አላሳይም ነበር፤ ቤቴ አመጣቸው ነበር። ኪሩቤል ካረፈ በመጪው ሐምሌ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

ደብዳቤው የደረሰኝ ግንቦት አምስት ቀን፣ ጥንዚዛዋ ካለፈች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አጭር ነበር። በኔ ኃላፊነት ሥር ያለው የዳርቻ ክፍል «ሕይወት የለሽ» ተብሎ ተመድቧል። ሠላሳ ቀን ተሰጥቶኛል። ሰኔ አምስት ቀን መርማሪ ባለችበት የመጨረሻው ልኬት ይወሰዳል፤ ምደባው ካልተለወጠ ክፍሉ በማሽን ይነሣና በደረጃው መሠረት ይተካል። «በደረጃው መሠረት» ማለት በፋብሪካው ማለት ነው።

ወደ ዳር ወረድሁ። ብዙ ቀን በመስኮት ነበር የማየው፤ በመስኮት ሲያዩት ደግሞ ረጅም ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይንሾካሾካል። ቀርቤ ሳየው ቡናማ ነበር። በጫፉ የሚፈታው ጎፈሬ ረግፎ አገዳው ብቻውን የቆመ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተጋደመ፣ ከሥሩ የጠቆረ። አረንጓዴ የቀረው ወደ ውሃው በኩል ባለው ጠርዝ ብቻ ነበር። ውሃውን ለካሁት፤ ደህና ነው። በማግሥቱም ለካሁት፤ ደህና ነው። በሽታ ፈለግሁ፣ ተባይ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደውዬ ጊዜ እንዲጨመርልኝ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ ድምፅ የሰው አይደለም፤ «ለሕይወት የለሽ ክፍል ጊዜ አይጨመርም፤ ሌላ ምን እንርዳዎ?» አለኝ በትሕትና።

ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ቤዛዊት ናት። ቤዛዊት በምሥራቅ በኩል ጎረቤቴ ናት፤ እኩያዬ ናት፤ የሷ ዳርቻ ከጫፍ ጫፍ የፋብሪካ ነው። በእጇ መርጫ ይዛ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኋት።

«ቀለም ነዋ! የኪራይ ቄጠማ ሲወይብ የሚያድሱበት። ሁለት ቀን ብትረጪ አረንጓዴ ይሆናል። ጥንዚዛ እንደሆነች አታሸት፣ አትነካ፤ ከላይ አይታ ማለፍ ነው ሥራዋ።»

«የሞተ ነገር አልቀባም፣ ቤዛ።»

«ወይ ኩራት! እንግዲያ ያነሡልሻል። የኔን እዪ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ አያውቅም።»

«አንድ ቀንስ ደህና ነኝ ብሎ ያውቃል?»

ሳቀች። መርጫውን ግን ደጃፌ ላይ ትታው ሄደች፤ ምናልባት ሐሳቤን ብለውጥ ብላ። ክፉ ሴት አይደለችም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄድሁ። ጋሽ እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ነው፤ አባቱም አያቱም ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ኪሩቤል በነበረ ጊዜ የኛን ደንገል የሚያጭደው እሱ ነበር፤ ሁለቱ በዓመት አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ውሃ ውስጥ ቆመው ሲያጭዱ ይውሉና በታጨደው ታንኳ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካ ደንገል ለሆቴል መግቢያ የሚሆን ጌጥ ይሠራል። ታንኳ ይመስላል፤ ውሃ ግን አይነካም። ስደርስ አንዱን እያሰረ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ደብዳቤ መጣልኝ።»

«ሰማሁ። ቤዛዊት ያወቀችውን የማይሰማ ማን አለ? ተቀመጪ፣ እታለም።»

ተቀመጥሁ። «ምን ሆኖ እንደሚሞት አልገባኝም። ውሃው ደህና ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ለካሽው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ፤ ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ።

«የሚያውቁትን ይንገሩኝ እንጂ።»

እጁን አቆመ። «ታፍኖ ነው፣ እታለም። ሦስት ዓመት ማጭድ አልነካውም። አሮጌው ቆሞ ሞተ፣ ከዚያ ወደቀ፣ አዲሱ ላይ ተኛበት። ሥሩ እስካሁን ደህና ነው፣ ማውጣት ይፈልጋል፤ በየት በኩል ያውጣ? የተከደነ ድስት ሆኗል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያዩ ነበር?»

«እያየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠራሽኝም።»

በዚህ ዳርቻ የሰው ደንገል ውስጥ ሳይጠሩ አይገቡም፤ ይህ ጥንትም የነበረ ነው። የሟች ማጭድም እስከ ሙት ዓመቱ አይነካም፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ይህም የነበረ ነው። የኪሩቤልን ማጭድ እኔው ነኝ የሰቀልሁት። ሙት ዓመቱ አለፈ፣ አላወረድሁትም። ሁለተኛው አለፈ። ደንገሉ እሱ ትቶት እንደሄደ ቆሞ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

«በደጄ ሲያልፉ ‘ደንገልሽ እንዴት ነው’ ይሉኝ ነበር» አልሁት። «እኔም ‘እግዚአብሔር ይመስገን’ እላለሁ። እርስዎም ‘አልሐምዱሊላህ’ ብለው ያልፉ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበል? ሐዘን ቤት ማጭድ ይዞ ይገባል? ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላማ፣ ይህች ሴት የተማረች ናት፣ እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖራት ነው አልሁ።»

ይህን ሲለኝ ፊቴን ወደ ሐይቁ መለስሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ አርባ አንደኛ ገጽ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ለሃያ ሰባት ዓመት ለተማሪዎቼ በቃሌ ስለው የኖርሁት ነው። «ያልታጨደ ደንገል በራሱ አሮጌ አገዳ ታፍኖ ይመናመናል።» የጻፍሁት እኔ ነኝ። እሱ የሚያየውን አልነገረኝም፣ እኔ የማውቀውን አልጠየቅሁም። በይሉኝታ ሦስት ዓመት አፈንነው።

«አሁን ብናጭደው ይድናል?» አልሁት።

«ይድናል።»

«እስከ ሰኔ አምስት?»

በጣቱ ቆጠረ። «ዛሬ ግንቦት ስምንት ነው። ሃያ ሰባት ቀን አለሽ። እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ጎፈሬውን ግን አይፈታም።»

ሁለታችንም ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ጥንዚዛዋ የምታውቀው ጎፈሬን ነው። ከላይ ሆና የተፈታ ጎፈሬ ካላየች ከሥር ያለው ለሷ የለም። ሳይታጨድ ከቆየ ሕይወት የለሽ ይባላል፤ ቢታጨድ ደግሞ ባዶ ይባላል። ቀለም ቢረጭ ሕያው ይባላል፤ በመስከረም ግን አንድም ሥር አይተርፍም።

«ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ነገ በጠዋት ይምጡልኝ። እየጠራሁዎት ነው።»

«አቤት» አለና ለሆቴል የጀመረውን ታንኳ በእግሩ ገፋ አደረገው።

በማግሥቱ ከግድግዳ ያወረድሁት ማጭድ ዝጎ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሲሞርደው ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሁለት ምራቶቹን አስከትሎ ነበር የመጣው፤ ሁለቱም ሕይወት ያለው ደንገል አጭደው አያውቁም። እሱ ሲያሳያቸው እኔም ተማርሁ፤ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር አለውና። በመጀመሪያ አገዳውን በግራ እጅ ወደ ራስ ይስቡታል፤ ወደ ሐይቁ አይገፉትም። ሲቆርጡ አንድ ክንድ ከውሃው በላይ ያስቀራሉ፤ ዝናብ መጥቶ ውሃው ሲጨምር ጉቶው ከሰጠመ ሥሩ ይበሰብሳልና። ደግሞ የቆረጡበትን ቦታ ተመልሰው አይረግጡም፤ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው።

«የመጀመሪያውን የሚቆርጥ ባለቤቱ ነው» አለኝ፤ ማጭዱንም በእጄ ሰጠኝ።

ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አንዱን አገዳ ያዝሁ። ከላይ ደርቆ፣ ከታች ለስልሶ ነበር። እጀታው ላይ የሌላ ሰው መዳፍ የሠራው ጎድጓዳ አለ፤ የኔ እጅ ጠባብ ስለሆነ አልሞላውም። ሳብሁና ቆረጥሁ። ምራቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ቆረጥሁ።

አራት ቀን አጨድን። የወደቀውን አሮጌ አገዳ በክንድ በክንድ እያወጣን ዳር ላይ ከመርነው፤ ክምሩ ከቤቴ ጣሪያ ከፍ አለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቋ ምራት ጎንበስ ብላ «አባ! ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች። ከጭቃው በላይ፣ ከበሰበሰው አገዳ በታች፣ ነጫጭ ጫፎች ነበሩ፤ አውራ ጣት የሚያክሉ፣ ሹል፣ ብዙ። ብርሃን ያላዩ ስለሆኑ ነጭ ናቸው። ጋሽ እንድሪስ አያቸውና ወደኔ ዞሮ «ይኸውልሽ፣ ሲጠብቁ የነበሩት» አለኝ። ያን ቀን ማንም ምሳ አልበላም።

ቤዛዊት ከሰገነቷ ታየናለች። አራተኛው ቀን ላይ ቦታው ጉቶ ብቻ ሆኖ ሲቀር አልቻለችም።

«አንቺ ሴትዮ! ከቡናማ ወደ ምንም ተሻገርሽ! አሁንስ የሚቀባም የለሽ!»

«ቀለምሽን መልሰሽ ውሰጂ!» አልኋት።

«ለጉቶው ይሆንሽ ይሆናል፣ ተይው!»

ጋሽ እንድሪስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቤዛዊት፣ ያንቺ ደንገል ሲታጨድ እንዴት ነው የሚጮኸው?» ሲላት ገብታ በሯን ዘጋች። ማታ ለአራታችን የሚበቃ ሽሮ ላከችልን።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነበር። በየጠዋቱ ወርጄ አንዱን ቀንበጥ በስንዝሬ እለካ ነበር። በስድስተኛው ቀን አረንጓዴ ያዘ። በዐሥረኛው አንድ ስንዝር ሆነ። ሐሙስ ጥንዚዛዋ መጥታ አልፋለች፤ ማምሻውን የመጣልኝ መልእክት አንድ ቃል ነበር፤ «ባዶ።» በሚቀጥለውም ሐሙስ «ባዶ።» በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ቀድሞ ገባና ሐይቁ ከፍ ማለት ጀመረ። አንድ ክንድ ያስቀረነው ጉቶ ግማሽ ክንድ ሆነ፤ ቀንበጦቹ ግን ውሃውን ቀድመውት ወጡ። አንድ ቀን ጠዋት ስወርድ ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ወፍ አሮጌ የደንገል ጭራሮ በአፏ ይዛ ስትገባ አየሁ። ገብታ ቆየች። ስትወጣ ጭራሮው አልነበረም። ያን ቀን ደብዳቤውን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት፤ በዚህ ጊዜ ጀርባውን ጭምር።

ጋሽ እንድሪስም ሥራ ላይ ነበር። ወደ ውሃው በኩል ከነበረው ጠርዝ ብርሃን ያገኘ፣ ያልበሰበሰ አገዳ ለይቶ ዐሥር ቀን ፀሐይ ላይ አድርቆታል። በዚያ ታንኳ ሠራ። ሲጨርስ ሁለት ጊዜ ዞረውና «ሦስት ዓመት የጌጥ ሥራ ስሠራ እጄ የረሳ መስሎኝ ነበር» አለኝ። አልረሳም። አፍንጫው ቀና ያለ፣ እስሩ ጥብቅ ያለ ታንኳ ነበር።

ሰኔ አምስት ቀን መርማሪዋ መጣች። አርሴማ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ንጹሕ ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ ካፖርቷ ደረት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ዓርማ አለ፤ ዓርማው የደንገል ጎፈሬ ከነአገዳው ነው። ጥንዚዛዋ ከኋላዋ ተከትላ መጣች፣ በአርባው እርምጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፣ ከዚያ በአየር ላይ ቆመች። አርሴማ በእጇ የያዘችውን ሰሌዳ አየች።

«እትዬ ረድኤት፣ አዝናለሁ። ባዶ ይላል።»

«ባዶ አይደለም። ታጭዶ ነው።»

ሰሌዳውን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። «ታጭዷል የሚል ምርጫ የለም። ሕያው አለ፣ ሕይወት የለሽ አለ፣ ባዶ አለ። ማሽኑ ሰኞ ይመጣል። እመኑኝ፣ ሲተካ በጣም ያምራል፤ ልዩነቱን እንኳ አያውቁትም።»

«አውቀዋለሁ» አልኋት። ደብዳቤውን ገልብጬ ሰጠኋት። «በጀርባው ዘጠነኛውን አንቀጽ አንብቢልኝ።»

ድምፅ አውጥታ አነበበችው። «የክፍሉ ኃላፊ የዓይን ምርመራ የመጠየቅ መብት አለው። ምርመራው የሚደረገው ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ ነው።» ቀና አለች። «ይህን እኮ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔ ከተቀጠርሁ አንድም ሰው የለም።»

«እኔ እየጠየቅሁሽ ነው።»

«ከውስጥ ማለት... በምን ይገባል? በሞተር ጀልባ መግባት ክልክል ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ከኋላችን ታንኳውን ወደ ውሃው እየገፋ ነበር። «በዚህ ይገባል» አለ።

አርሴማ ታንኳውን አየችው። «ይሄ ሆቴል በር ላይ የሚቆመው አይደል?»

«የዚያ አባት ነው» አላት።

«ይሰጥማል?»

«የሠራሁት ታንኳ እስካሁን እኔን አላሰጠመኝም። ያንቺን ግን ክብደት አላውቅም።»

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ነጭ ጫማዋን አወለቀች። የአዲስ ታንኳ የመጀመሪያ ጭነት የደንገሉ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። እሷ ከኋላዬ ሆና ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ እንድሪስ በረጅሙ ዘንግ ገፋን።

ከላይ ጉቶ የሚመስለው ቦታ ከውሃው ደረጃ ሲያዩት ሌላ ነው። ገባን። ቀንበጦቹ በግራና በቀኝ ከተቀመጥንበት ከራሳችን በላይ ሆኑ፤ ለስላሳ፣ አንጸባራቂ፣ ጫፋቸው ገና እንደ ጡጫ የተጨበጠ። ነፋሱ ቆመ። አርሴማ እጇን ከትከሻዬ ላይ አንሥታ አንዱን አገዳ ነካች፤ ከዚያ በሁለት ጣቷ ያዘችና ዞር ዞር አደረገችው።

«ሦስት ማዕዘን ነው» አለች።

«አዎ።»

«ዓርማችን ላይ ክብ ነው።»

«ለስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሌላ ነካች፣ ሌላም። ሁሉም ሦስት ማዕዘን ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ ደንገል ስትመድብ ኖራለች፤ ደንገል በእጇ ነክታ ግን አታውቅም ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በዝግታ፣ ሳልጠይቃት።

በዚያ መካከል አንድ ድምፅ ከቀኛችን ተነሣ። አጭር ነው፣ ሻካራ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

አርሴማ ሰዓቷን አየች። ረፋድ አራት ሰዓት ነው። «ምሰሶው ተዛብቷል» አለች። «ለጥገና ላስመዝግብላችሁ?»

ጋሽ እንድሪስ ታንኳው እስኪወዛወዝ ሳቀ። «አስመዝግቢ፣ ልጄ፣ አስመዝግቢ። ምሰሶው ሲዘልም ካየሽ አብረሽ አስመዝግቢው።»

ያን ጊዜ ውሃው ተንቦጫረቀና ዝም አለ። አርሴማ ጎንበስ ብላ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሰሌዳዋን አወጣች። ሦስቱ ምርጫዎች እዚያው ነበሩ። «ሕያው» የሚለውን ነካች። ሰሌዳው «ምክንያት» ብሎ ጠየቃት፤ ከዝርዝሩ የሚሆን አጣች። በመጨረሻ ዝርዝሩን ዘግታ ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ስትጽፍ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ። «ታጭዷል። ከውስጥ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጄ ነክቻለሁ። አርሴማ።»

ጥንዚዛዋ አየር ላይ እንደቆመች ነበረች። ተነሥታ ወደ ምሥራቅ ሄደች።

ሰኞ ማሽን አልመጣም። በምትኩ በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ጽሕፈት ቤቱ «ለናሙና የሚሆኑ ሰባት ሕያው ሥሮች» በአክብሮት ጠየቀኝ። ሰባት ማለታቸው በአጋጣሚ ነው። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ክንድ እንደሚቀር በእጄ ጽፌ ላክሁላቸው። ከታች ስሜን ፈረምሁ፤ ከስሜ በላይ ደግሞ የኪሩቤልንና የጋሽ እንድሪስን ስም ጻፍሁ። ምሁራን የሥራ ባልደረቦቻቸውን ስም እንዲህ ያስቀድማሉ።

በማግሥቱ ቤዛዊት መርጫዋን ልትወስድ መጣች። ወሰደችው፣ አልሄደችም።

«ያ የሚጮኸው ነገር» አለች፣ «ከምሰሶው ውጪ የሚጮኸው። ቀን ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አይ፣ ይቅርታ እንኳ...» መርጫውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረችው። «ወደኔም በኩል ይመጣ እንደሆነ ብዬ ነው። ከዚያኛው ከጠርዙ፣ ቦታ የማይይዝ፣ አንዲት ሥር ብትሰጪኝ።»

«ያጭዳሉ ወይስ አያጭዱም?»

«ኧረ አጭዳለሁ! ደግሞ ‘አንቱ’ አለችኝ እኮ!»

ሁለት ሰጠኋት። አንዱ ቢሞት አንዱ ይይዛል።

ታንኳው ዳር ታስሯል። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ይጠጣል፤ ከመጀመሪያው ቀን አሁን ከበድ ብሏል፣ አፍንጫውም ዝቅ ማለት ጀምሯል። ደንገል ታንኳ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ወራት ያገለግልና ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በዚያ ውስጥ ያለው አገዳ ኪሩቤል በሕይወት ሳለ የበቀለ ነው፤ ሌላ ከዚያ ዘመን የቆመ የለኝም። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሳልነግረው ያውቃል መሰለኝ፤ ትናንት እስሩን ሲፈትሽ ቆይቶ ወደኔ ሳይዞር ተናገረ።

«እስከ መስከረም ይቆያል፣ እታለም። ከዚያ በላይ አልዋሽሽም።»

ወደ አርባው እርምጃ አየሁ። በጠርዙ በኩል የመጀመሪያው ጎፈሬ ጡጫውን መፍታት ጀምሯል።

«በመስከረም እጠራዎታለሁ» አልሁት።